ያልወለደች እናት ታጠባለችን?

(በራዲዮ ከተነገረው)



የዛሬው ንግግሬ አርእስት ጥያቄ ነው። ያልፀነሰች፥ ያላማጠችና ያልወለደች ሴት ሕፃን ልታጠባ ትችላለችን? ጥያቄው ለጊዜው ተረት ይመስላል። ነገር ግን በጣና ዳር ሴት ልጃቸው በወሊድ ሞታባቸው የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው የሚያድሩ አያት ይጠይቁታል። በጉዲፈቻ ሕፃን ተቀብላ ከፍርድ ቤት ወደ ቤቷ የምትመለስ የመንግሥት ሠራተኛም በልቧ ትጠይቀዋለች። ሌላ ሴት አርግዛ ልጅ የምትወልድላቸው ባልና ሚስትም ለሐኪም የሚያቀርቡት ይህንኑ ነው። የጥያቄው መልስ «አዎን፥ ትችላለች፤ ነገር ግን» የሚል ነው። ከዚህ «ነገር ግን» በኋላ ያለውን ሳያውቁ ሥራውን መጀመር ሕፃኑን ለአደጋ ማጋለጥ ስለሆነ፥ ዛሬ በርጋታ እንመለከተዋለን።

አስቀድመን ከገዛ ባህላችን እንነሣ። አማርኛችን «የጡት ልጅ»ና «የጡት አባት» የሚሉ ቃላት አሉት። ቀድሞ በአገራችን አንድ ሰው ከአብራኩ ያልወጣውን ልጁ ሊያደርገው ሲወድ፥ ልጁ ጡቱን ወይም በማር የተቀባ አውራ ጣቱን ይጠባ ነበር። ማንስፊልድ ፓርኪንስ የተባለው እንግሊዛዊ ከ1843 እስከ 1846 እ.ኤ.አ. በሰሜን ኢትዮጵያ ተቀምጦ ነበርና፥ በ1853 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ልማድ መዝግቦታል። ልጅ ለመሆን የፈለገው ሰው የባለጠጋውን ወይም የባለሥልጣኑን እጅ ይዞ ጣቱን ይጠባል፤ ከዚያ በኋላ የጡት አባቱ ሊረዳው ግዴታ ይገባል። እንግዲህ ከወንድ አውራ ጣት ወተት እንደማይወጣ አባቶቻችን ሳያውቁ ቀርተው አልነበረም። መጥባቱ የቃል ኪዳን ምልክት ነበረና፥ ዝምድናው የሚጸናው በወተቱ ብዛት አልነበረም። ይህን ነገር በልባችሁ ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

በእስልምና ሃይማኖትም የጡት ዝምድና ታላቅ ስፍራ አለው። አንዲት ሴት ሕፃን ካጠባች ሕፃኑ ከእርሷና ከልጆቿ ጋር የማይጋባ የቅርብ ዘመድ ይሆናል። ስለዚህ በጉዲፈቻ የምታሳድገውን ልጅ የምታጠባ ሙስሊም እናት፥ ወይም ለጎረቤቷ ልጅ ጡቷን የምትሰጥ ሴት፥ ነገሩን አስቀድማ ከቤተሰቧና ከሃይማኖት አባቶቿ ጋር ልትመካከርበት ይገባታል።

አሁን ወደ ዘመናችን እንምጣ። የአንዲት ሴት ዕንቁላልና የባሏ ዘር ከሰውነት ውጪ ተዋሕዶ በማኅፀን እንዲቀመጥ የሚያደርገው ሕክምና ዛሬ በአገራችንም ይሰጣል፤ በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ለመካንነት ሕክምና የሚሆን ማዕከል በ2011 ዓ.ም. ተከፍቷል። በአንዳንድ የውጭ አገሮች ደግሞ ሚስቲቱ ማኅፀን የሌላት ወይም እርግዝና ለሕይወቷ የሚያሰጋት ስትሆን፥ ሌላ ሴት ፅንሱን ተሸክማ ትወልድላታለች። ይህ ነገር በአማርኛ ገና የጸና ስም አላገኘም፤ አንዳንዶች «የማኅፀን ኪራይ»፥ ሌሎች «ምትክ እናትነት» ይሉታል። የአገሮች ሕግም በዚህ ነገር አንድ አይደለም። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1993 እ.ኤ.አ. በሰጠው ፍርድ እናትነትን ልጁን አስባ ላስጀመረችው ሴት ሰጥቷል። ሕንድ በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ በገንዘብ የሚደረገውን ከልክላለች። ኢጣልያ ደግሞ በ2024 እ.ኤ.አ. ዜጎቿ ወደ ውጭ ሄደው ቢያደርጉት እንኳ እንዲቀጡ ደንግጋለች።

ወደ እኛ ሕግ ስንመለስ፥ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ሆነ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ እናትነት የሚታወቀው በመውለድ ነው ይላሉ። ስለዚህ በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን በዚህ መንገድ ልጅ ሲያገኙ፥ ያሉበት አገር ሕግ የሰጣቸው የእናትነት ወረቀት በአገር ቤት ጥያቄ እንዳያስነሣ ከሕግ ዐዋቂ ጋር አስቀድመው ሊመክሩ ይገባል። ጡት ማጥባት በሕግ ፊት እናት አያደርግም። ጉዲፈቻም የሚጸናው በፍርድ ቤት ነው። ይህን የምናገረው ተስፋ ለማስቈረጥ ሳይሆን፥ የወረቀቱ ሥራ በወረቀት፥ የጡቱም ሥራ በጡት እንዲፈጸም ነው።

እንግዲህ ያልወለደች ሴት ጡት ወተት የሚያገኘው እንዴት ነው? ወተት ከማኅፀን አይመጣም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ላይ ነው። ማኅፀን ልጁን ይሸከማል፤ ወተትን የሚሠራው ግን ጡት ነው። ጡትንም የምታዝዘው ከአንጎል ሥር ያለች፥ የአተር ፍሬ የምታህል፥ ፒቱታሪ የምትባል ዕጢ ናት። በእርግዝና ጊዜ ኤስትሮጅንና ፕሮጄስቴሮን የሚባሉት ቅመሞች በጡት ውስጥ የወተት ከረጢቶችንና ቧንቧዎችን ያበዛሉ። ሆኖም ፕሮጄስቴሮን በብዛት እስካለ ድረስ ወተቱ እንዳይፈስ ይከለክላል። ልጁ ተወልዶ የእንግዴ ልጁ ሲወጣ ክልከላው ይነሣል፤ ፕሮላክቲን የሚባለውም ቅመም ወተቱን ይሠራል። አራስ ጡቷ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን የሚሞላው ስለዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ ግን የወተቱ መጨመርና መቀነስ የሚወሰነው በመጥባት ነው። ሕፃኑ በጠባ ቍጥር ፒቱታሪ ፕሮላክቲንን ትልካለች፤ ኦክሲቶሲን የሚባለውም ሌላው ቅመም የተሠራውን ወተት ገፍቶ ያወርደዋል። ወተቱ ካልወጣ ጡት ሥራውን ይቀንሳል፤ ከወጣ ይጨምራል። ጡት እየተዛቀ እንደሚጐድል ጎተራ አይደለም፤ እየተቀዳ እንደሚሞላ ምንጭ ነው። ያልወለደች ሴት ተስፋም ያለው በዚህ ላይ ነው፤ ጡቷ በየጊዜው ከተጠባ ወይም ከታለበ ዕጢዋ ትእዛዙን ልትሰጥ ትችላለችና።

በዚህ መንገድ ከታወቁት ሰዎች አንዷ በካናዳ የምትኖረው ሌኖር ጎልድፋርብ ናት። ልጇን ሌላ ሴት አርግዛ በወለደችላት ጊዜ፥ በ1990ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ.፥ ጃክ ኒውማን ከተባሉት የሕፃናት ሐኪም ጋር ሆና አንድ ሥርዐት አዘጋጀች። ሥርዐቱ በሁለቱ ስም ይጠራል። ፍሬ ነገሩም የእርግዝናን አካሄድ መምሰል ነው። ሴቲቱ ልጁ ከመወለዱ ከወራት በፊት በሐኪም ትእዛዝ ኤስትሮጅንና ፕሮጄስቴሮን ያለበትን ክኒን ትወስዳለች፤ ይህም ጡትን ያዘጋጃል። ልጁ ሊወለድ 6 ሳምንት ያህል ሲቀረው ክኒኑን ታቆማለች፤ ይህም የወሊድን ክልከላ መነሣት ይመስላል። ከዚያ ጡቷን ቀንና ሌሊት ማለብ ትጀምራለች። ፕሮላክቲንን የሚያበዛ ዶምፔሪዶን የሚባል መድኃኒትም ይጨመርላታል።

«ነገር ግን» ያልሁት እዚህ ላይ ይጀምራል። ኤስትሮጅን ያለበት ክኒን የደም መርጋት ሊያመጣ ይችላል፤ ስለዚህ ደም ብዛት ላለባት፥ ለምታጨስ ወይም ቀድሞ ደም ረግቶባት ለምታውቅ ሴት አይሆንም። ዶምፔሪዶን በመሠረቱ የማቅለሽለሽና የማስታወክ መድኃኒት ነው፤ የልብ ምትን ሊያዛባ ስለሚችል የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2004 እ.ኤ.አ. ወተት ለማብዛት እንዳይወሰድ አስጠንቅቋል፤ በካናዳና በሌሎች አገሮች ያሉ ሐኪሞች ግን በጥንቃቄ ያዝዙታል። ለዚህ ሥራ የሚወሰደው ሌላው መድኃኒት ሜቶክሎፕራማይድ ደግሞ በአንዳንድ ሴቶች ላይ ብርቱ ትካዜ ያመጣል። ስለዚህ «ጎረቤቴ ወስዳው ጠቅሟታል» ተብሎ ከመድኃኒት ቤት ተገዝቶ የሚዋጥ ነገር አይደለም። ስለ አብሽም እንዲሁ ነው። እናቶቻችን ለአራስ ወተት ይጨምራል ሲሉ ኖረዋል፤ ነገሩ ግን በጥናት በሚገባ አልጸናም፤ የስኳር በሽታ ላለባት ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ለምትወስድ ሴትም ሊጐዳ ይችላል።

መድኃኒቱ ቢቀር መጥባቱ አይቀርም። ለምሳሌ ያህል በባሕር ዳር በአንድ መሥሪያ ቤት የምትሠራና በጉዲፈቻ ሕፃን የምትጠብቅ ሴት እናስብ። በቀንና በሌሊት ቢያንስ 8 ጊዜ፥ በየጊዜውም ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያህል ጡቷን በእጇ ወይም በማለቢያ መሣሪያ ታልባለች። በሌሊት ፕሮላክቲን ስለሚበዛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነሥታ የምታልበው እንዲያውም ከሁሉ ይጠቅማታል። በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ምንም አይወጣም። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ጠብታ ይታያል። ከጠብታው ወደ ሲኒ፥ ከሲኒው ወደ ብርጭቆ መድረስ ጊዜ ይፈልጋል፤ ከብዙዎቹ ሴቶችም ለሕፃኑ ሙሉ በሙሉ የሚበቃ ወተት አይገኝም። ቀድሞ ወልዳ ያጠባች ሴት ግን ከማታውቀው ይልቅ ይቀላታል።

ሕፃኑ ሲመጣ እንዲጠባ ይደረጋል፤ ባዶ ጡት የሚሰለቸው ከሆነም መላ አለው። ቀጭን የሆነ ንጹሕ ቧንቧ አንዱ ጫፍ ወተት ባለበት ኩባያ ውስጥ ይደረጋል፤ ሌላው ጫፍ በጡቱ ጫፍ ላይ በፕላስተር ይያዛል። ሕፃኑ ጡቱን ሲጠባ ከኩባያው ወተት ያገኛል፤ የእናቲቱም ጡት በዚያው ይቀሰቀሳል። ጡጦ ከለመደ ጡት ስለሚከብደው፥ ከጡጦ ይልቅ ሲኒ ይመረጣል።

ከሁሉ በላይ ልብ እንድትሉልኝ የምሻው የሚከተለውን ቍጥር ነው። ጡት የማያገኝ ሕፃን በየቀኑ ለክብደቱ ለእያንዳንዱ ኪሎ 150 ሚሊ ሊትር ያህል ወተት ያስፈልገዋል። እንግዲህ 3 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በቀን 450 ሚሊ ሊትር ይጠጣል፤ ይህ በ8 ጊዜ ሲከፈል በየጊዜው 56 ሚሊ ሊትር ገደማ ይሆናል። የጡቱ ወተት መምጣት ሲጀምር ከኩባያው የሚሰጠው በአንድ ጊዜ አይቋረጥም። ከጠቅላላው የቀን መጠን 50 ሚሊ ሊትር ብቻ ተቀንሶ ለጥቂት ቀኖች ይታያል። ሕፃኑ ክብደት ከጨመረ ሌላ 50 ይቀነሳል፤ ካልጨመረ ባለበት ይጸናል። በቀን 6 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ሽንቱን ከሸና፥ ሽንቱም ጠቆር ያላለ ከሆነ፥ በጤና ጣቢያም ሲመዘን ካደገ ይበቃዋል። ሽንቱ ካነሰ፥ ከደከመና እንቅልፍ ካበዛ ግን በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይወሰድ። «እኔው ራሴ አጥብቼ ላሳድገው» የሚል ክብር ሕፃኑን ሊያስርበው አይገባም።

ደግሞም እንዲህ በሚመጣ ወተት ብዙ ጊዜ እንገር አይገኝም። እንገር ወፍራምና ቢጫ ሆኖ በመጀመሪያዎቹ ቀኖች የሚወጣው፥ ሕፃኑን ከበሽታ የሚጠብቀው ወተት ነው። ስለዚህ የወለደችው ሴት ፈቃደኛ ከሆነች እንገሩን ለሕፃኑ ብትሰጠው ትልቅ ስጦታ ነው። እርሷንም አንርሳት። ልጁን አስረክባ በባዶ እጇ ስትመለስ ጡቷ በሦስተኛው ቀን ሞልቶ ያማታል፤ ሰውነቷ ሕፃኑን ይጠብቃል። የሚሰበሰቡት ዘመዶች ዐይናቸውን በሕፃኑ ላይ ሲተክሉ፥ እርሷን የሚጠይቃት ሐኪምና የሚያጽናናት ሰው ሊኖር ይገባል። ሌላዋ ሴት ስለ ተቀበለችው ደስታ የምንናገር ሰዎች ስለዚህች ሴት ዝም ብንል ንግግራችን እኩሌታ ይሆናል።

አሁን ወደ ጣና እንመለስ። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የአገሪቱ የሕዝብና ጤና ጥናት ከ100,000 በሕይወት የሚወለዱ ሕፃናት 412 እናቶች ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር በተያያዘ ምክንያት እንደሚሞቱ ተገምቶ ነበር። ከእነዚህ ቤቶች አንዱ በደቅ ደሴት ወይም በዘጌ ሊሆን ይችላል። ከደሴቱ ወደ ባሕር ዳር የሚመጣው በጀልባ ነው። የሐይቁን ውሃ ቀድቶ የዱቄት ወተት መበጥበጥ እጅግ አደገኛ ነው፤ ውሃው መፍላት አለበት፤ ዱቄቱም ራሱ ከተሕዋስያን ነጻ ስላልሆነ ከ70 ዲግሪ ባላነሰ ሙቅ ውሃ ተበጥብጦ ከቀዘቀዘ በኋላ ወዲያው መሰጠት አለበት። ዋጋው ውድ ስለሆነ ብዙዎች ያቀጥኑታል፤ የቀጠነውም ሕፃኑን በዝግታ ያከሳዋል። የላም ወተትም ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን የሚሆን ምግብ አይደለም።

በእንዲህ ያለ ቤት አያቲቱ ወይም አክስቲቱ ጡቷን ለሕፃኑ ብትሰጥ የሚያሳፍር ነገር የለበትም። የዓለም ጤና ድርጅት በ1998 እ.ኤ.አ. ስለዚህ ጕዳይ ባወጣው ጽሑፍ የቆመን ወተት መመለስም ሆነ ላልወለደች ሴት ወተት ማምጣት እንደሚቻል አስረድቷል፤ የሴቲቱም ዕድሜ ብቻውን ከልካይ አይደለም። የሚፈለገው ፈቃደኛነት፥ ብዙ ጊዜ ማጥባት፥ የሚያግዝ ሰውና የጤና ባለሙያ ክትትል ነው። ነገር ግን የሌላ ሰው ልጅ የምታጠባ ሴት ሁሉ አስቀድማ የኤች አይ ቪ ምርመራ ማድረግ አለባት፤ ይህ ሳይደረግ ሕፃን ከጡት ወደ ጡት ማዘዋወር አይገባም። በባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ጊዮን ሆስፒታሎች አሉ፤ በየቀበሌውም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አለች። መጀመሪያ እርሷን መጠየቅ ነው።

ክቡራን የመንግሥት ሠራተኞች፥ ይህ ነገር እናንተንም ይመለከታል። ዛሬ በብዙ መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ ተከፍቷል። አለቃ የሆናችሁ፥ በሥርዎ ያለች ሠራተኛ በጉዲፈቻ ልጅ ስታገኝ «አልወለድሽም፤ ምን ታልቢያለሽ?» አትበሏት፤ በር የሚዘጋበት አንድ ክፍልና በቀን ሁለት ጊዜ ሃያ ሃያ ደቂቃ ስጧት። ባል የሆናችሁ፥ በሌሊት ተነሥታችሁ ኩባያውንና ቧንቧውን በፈላ ውሃ ማጠብ፥ ሕፃኑን ማስገሣትና መመዘኛ ቀኑን ማስታወስ የእናንተ ድርሻ ነው። ጎረቤት የሆናችሁ፥ «የራሷ አይደለም» የሚለውን ቃል ከቡና ላይ አንሡት፤ ያ ቃል አድጎ ልጁ ጆሮ ይደርሳል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፥ ይህ ሥራ ለአንዲት ሴት ብቻ ከተተወ ያደክማታል፤ ከተካፈላችሁት ግን ይገፋል።

በመጨረሻ በልባችሁ ያዙልኝ ያልኋችሁን እናንሣ። ከጡት አባት አውራ ጣት ወተት አልፈሰሰም፤ ልጅነቱ ግን ጸንቷል። እንዲሁ ሁሉ ለሳምንታት ስትደክም ቆይታ አንድ ሲኒ ብቻ ያገኘች፥ ወይም ከነጭራሹ ያላገኘች ሴት እናትነቷ አልጐደለም። የመጣላትን ወተት በደስታ ትስጠው፤ የጎደለውን በንጹሕ ኩባያ ትሙላው፤ ሕፃኑን በደረቷ ላይ ታቅፋ ታሳድገው። ሕፃኑ የሚለካው በሚዛን ነው፤ ሚዛኑም ወተቱ ከየት እንደመጣ አይጠይቅም።

በሚመጣው ሳምንት በሌላ ንግግር እስክንገናኝ፥ ደኅና ሰንብቱ።